ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በአዲስ አበባ ከሚገኙት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች በአንዱ፣ የቤተሰብ ጉዳይ በሚታይበት ክፍል ደጃፍ፣ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ከአሁኑ ሞልቷል። የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ከፊሎቹ ልጅ አዝለዋል። ከፊሎቹ ደግሞ ወረቀት የያዘ ማኅደር በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ወንዶችም አሉ፤ እነሱ ግን ከመቀመጥ ይልቅ ግድግዳውን ተደግፈው መቆሙን መርጠዋል። ስም የሚጠራው ሰው ከበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያቀናል።

ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሠላሳ አይበልጥም። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሏቸው። ከባለቤታቸው ጋር ከተለያዩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ።

«የሱ ገንዘብ በአፍንጫዬ ይውጣ ብዬ ነበር የተውኩት። እናቴም ‹ተይው ልጄ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል› አለችኝ። እኔም አመንኩ። ትልቁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ትንሿ ደግሞ ሳንባ ምች ይዟት ስትተኛ ግን፣ ዕድል የሚሉት ነገር የመድኃኒት ቤት ሒሳብ እንደማይከፍል አየሁ።»

ውድ አንባቢያን፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ለተቸገረ ሰው ማጽናኛ ሆኖ ሲነገር መልካም ነው። ግዴታውን ለሚሸሽ ሰው መሸሸጊያ ሲሆን ግን ጉዳቱ በልጁ ላይ ያርፋል። በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ወላጆች በተለያዩ ጊዜ ሕግ ስለ ልጆች ቀለብ ምን ይላል? ለእናትስ ለአባትስ ፍትሐዊ ነውን? ዓላማውስ ምንድን ነው?

ቀለብ እንጀራ ብቻ አይደለም

«ቀለብ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በድሮው ጊዜ ቀለብ ማለት ለወታደር ወይም ለሎሌ በቁና እየተሰፈረ የሚሰጥ እህል ነበርና፣ ዛሬም ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው ጤፍና ሽሮ ነው። «በየወሩ ዱቄት እየላክሁ ምን ቀረብኝ?» የሚሉ አባቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብን ትርጉም ሰፋ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት በቀለብ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ልጁ እንደ ቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታና እንደ አካባቢው ልማድ በሚገባ እንዲኖር ማድረግ ነው ግዴታው። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ባወጣ ክልል የምትኖሩ አንባቢያን የምትዳኙት በክልላችሁ ሕግ መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። ፍችንም የሚወስኑት በአብዛኛው የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከባድ ምክንያት ካላጋጠመ በቀር ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ይደረግ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አመራር እኩል አደረገ። ፍችን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ልጁን ማን ያሳድግ የሚለውም በእናትነት ወይም በአባትነት ብቻ መወሰኑ ቀርቶ፣ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጁ ዕድሜና ጥቅም እየታየ እንዲወሰን ተደነገገ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ቀለብ ሰጪው አባት፣ ተቀባይዋ እናት ናት አላለም። ልጁ ከአባቱ ጋር ከሆነ፣ እናትም ገቢ ካላት፣ እሷም ትከፍላለች። ወደ ዓረብ አገር ሄደው እየሠሩ ልጃቸውን ለአባት ወይም ለአያት የተዉ እናቶች በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ በሕግ ዓይን ችሮታ ሳይሆን የወላጅነት ግዴታ ነው። አባትና እናት ዐቅም ሲያንሳቸውም ሕጉ ወደ ላይ ተቆጥሮ አያቶችን እንኳ ይጠራል።

ባለቤቱ ልጁ ነው

በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባሳለፍኩት ግማሽ ቀን ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «የእሷ ቀለብ» የሚል ነበር። «ቀለቧን ቆረጥኩባት»፣ «ቀለቧን ጨመረች» ሲባል ሰማሁ። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ አነጋገር ነው። ቀለቡ የእሷ አይደለም፤ የልጁ ነው። እናት የምትቀበለው እሷ የምታሳድገው በመሆኑ ብቻ ነው።

ይህን ካመንን ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ አባት ከእናትየዋ ጋር ያለውን ቂም በልጁ ቀለብ ሊወጣ አይችልም። ትዳሩን ያፈረሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልጁ ትዳር አላፈረሰም። ቀለብ ለእናት የደግነት ሽልማት፣ ለአባትም የጥፋት ቅጣት ሆኖ አልተደነገገም። ሁለተኛ፣ እናትም «የሱ ገንዘብ በአፍንጫዬ ይውጣ» ለማለት መብት የላትም። የራሷን መብት መተው ትችል ይሆናል፤ የልጇን መብት ግን በኩራት ወይም በእልህ መተው የለባትም።

ሕጉም ይህን በሚገባ አስቦበታል። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱ ስለ ልጆች ያደረጉትን ስምምነት ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ ፍችውን ብቻ አጽድቆ ስለ ልጆቹ ተገቢ መስሎ የታየውን ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ «ቤቱን ውሰጂ፣ ቀለብ ግን አትጠይቂኝ» ተባብሎ መፈራረም የልጁን መብት አያስቀርም ማለት ነው።

ምን ያህል ይበቃል?

ብዙ አንባቢያን «ለአንድ ልጅ ስንት ብር ነው የሚቆረጠው?» ብለው ይጠይቃሉ። በሕጋችን ለሁሉም የሚሠራ የታወቀ ተመን የለም። ዳኛው ሁለት ነገሮችን በሚዛን ያስቀምጣል። በአንድ በኩል የልጁ ፍላጎት፣ በሌላ በኩል የከፋዩ ዐቅም ነው። ዐቅም ለሌለው ሰው ከዐቅሙ በላይ አይፈርድበትም፤ ዐቅም ያለውንም በትንሹ አያሰናብትም።

በሌሎች አገሮች አሠራሩ የተለየ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የዊስከንሲን ግዛት መደበኛ መመሪያ ለአንድ ልጅ ከከፋዩ ገቢ 17 በመቶ፣ ለሁለት ልጆች 25 በመቶ፣ ለሦስት 29 በመቶ እንዲሆን ያመለክታል። በስዊድን ደግሞ ከፋዩ ወላጅ ሳይከፍል ሲቀር መንግሥት ለልጁ የተወሰነ ገንዘብ ሰጥቶ ኋላ ከወላጁ ይጠይቃል። የተመን ጥቅሙ ሁሉም አስቀድሞ የሚደርስበትን ማወቁ ነው። የእኛ ሕግ ጥቅም ደግሞ የእያንዳንዱን ቤት ኑሮ ለይቶ ማየቱ ነው። ጉዳቱ ግን ማስረጃ ይዞ ያልቀረበ ሰው መጎዳቱ ነው። ዳኛ የሚመዝነው በፊቱ የቀረበለትን ብቻ ነውና።

አሁን እስቲ በምሳሌ እንየው። አባት በወር 12,000 ብር፣ እናት 6,000 ብር የተጣራ ደመወዝ አላቸው እንበል። ልጆቹ ከእናት ጋር ናቸው። ለልጆቹ ምግብ፣ ልብስ፣ ትምህርት፣ ሕክምናና ከቤት ኪራዩ የሚደርሳቸው ድርሻ ሲደመር በወር 6,000 ብር ይሆናል እንበል። «እኩል እንካፈል፣ ግማሽ ለግማሽ» ቢባል እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ያወጣሉ። ሲያዩት እኩል ይመስላል። ነገር ግን ለአባት የደመወዙ ሩብ ሲሆን ለእናት የደመወዟ ግማሽ ነው። በየገቢያቸው መጠን ቢካፈሉ አባት 4,000፣ እናት 2,000 ብር ያወጣሉ። ሁለቱም ከገቢያቸው ሲሶውን ሰጡ ማለት ነው።

ይህን ቀመር ሕጉ አላስቀመጠውም፤ እኔ ነገሩን ለማስረዳት ያቀረብኩት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳየናል። ፍትሕ ማለት እኩል ገንዘብ ማውጣት ሳይሆን እኩል ሸክም መሸከም ነው። በዚያም ላይ በገንዘብ ያልተቆጠረ ሌላ ሸክም አለ። ሌሊት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ይዞ ማደር፣ ልብስ ማጠብ፣ ምሳ መቋጠር፣ ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ፣ በዚህም ሳቢያ ከትርፍ ሰዓት ሥራ መቅረት በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። «እሷስ ምን ታዋጣለች?» ለሚሉ አባቶች መልሱ እዚህ አለ።

የአባቶችን ቅሬታም እንስማ

ይህ ዓምድ የእናቶች ነው ብለን የአባቶችን ድምፅ ብንዘጋ ግማሽ እውነት ይሆንብናል። ግድግዳ ተደግፈው ከቆሙት መካከል አንድ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። «መክፈል አልጠላሁም» አሉኝ። «ግን ልጄን ካየሁ ሦስት ወር አለፈኝ። ስሄድ ‹ተኝቷል›፣ ‹አክስቱ ጋ ሄዷል› እባላለሁ። የሰጠሁት ገንዘብ ለልጄ ይድረስ፣ ለሌላ ይዋል በምን አውቃለሁ?»

እኚህ አባት ትክክለኛ ቅሬታ አላቸው። ፍርድ ቤት ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ሲወስን፣ ልጅና ወላጅ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታም አብሮ ይወስናል። አባቱን ማየት የልጁ መብት ነው። እናት በቀለቡ መዘግየት ተናድዳ ልጁን ብትደብቅ ከልጁ ላይ ነው የምትወስደው። አባትም ልጁን አላሳየችኝም ብሎ ቀለቡን ቢቆርጥ እንዲሁ ከልጁ ላይ ይወስዳል። ሁለቱ መብቶች አንዱ የሌላው መያዣ አይደሉም። መጠየቅ የተከለከለ አባት አቤቱታውን እዚያው ችሎት ያቅርብ። ቀለብ የተቋረጠባት እናትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ የዐቅም ነው። ከሥራ የተቀነሰ፣ የታመመ፣ ሌላ ትዳር መሥርቶ ተጨማሪ ልጆች የወለደ አባት የዛሬ ሦስት ዓመት የተፈረደበትን መክፈል ሊያቅተው ይችላል። ሕጉ ለዚህም በር ከፍቷል። ሁኔታው ሲለወጥ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በጠየቀ ጊዜ የቀለቡ መጠን ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ የተቸገረ አባት መሄድ ያለበት ወደ ፍርድ ቤት ነው እንጂ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሌላ ከተማ አይደለም። ልብ በሉ፣ አዲስ ልጅ መወለዱ የመጀመሪያውን ልጅ ሆድ አይሞላም። ሁለቱም የእሱ ልጆች ናቸው።

በዚሁ በር እናቶችም ይገባሉ። ከአራት ዓመት በፊት የተወሰነ ቀለብ ዛሬ ባለው የገበያ ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዛ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ኑሮ ሲወደድና ልጁ ሲያድግ ማሻሻያ መጠየቅ ጭቅጭቅ መውደድ አይደለም።

ያለ ጋብቻ የተወለደውስ?

ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አንዲት ወጣት ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። አባትየው «ሚስቴ አይደለችም፣ ምን አገባኝ?» እንዳላት በለሆሳስ ነገረችኝ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። በመሆኑም የአባትየው መልስ በሕግ ፊት አይቆምም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ እሱም አባትነትን ማስረዳት ነው። ሰውየው ልጁን በሕግ በተፈቀደው መንገድ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ። ካልተቀበለ ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች አባትነቱ በፍርድ እንዲታወቅ መጠየቅ ይቻላል። ከእነዚህም መካከል አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚገልጽ የጻፈው ደብዳቤ መገኘቱ፣ ወይም ልጁን እንደ አባት ሆኖ ሲረዳና ሲንከባከብ መቆየቱ ይገኙበታል። ስለዚህ እህቴ፣ የተጻፈልሽን መልእክት በንዴት አታጥፊው፤ የተላከልሽን ገንዘብ ደረሰኝም አትጣዪው። የልጅሽንም ልደት በወቅቱ አስመዝግበሽ የልደት ምስክር ወረቀቱን ያዢ።

ፍርዱ ወጥ ቤት እስኪደርስ

ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱ ተፈጽሞ ድስት እስኪጣድ ድረስ ግን ሌላ መንገድ አለ። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ሒሳብ ክፍሉም በየወሩ እየቆረጠ ያስተላልፋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህም ከፋዩ ራሱ ጦሙን እንዳያድር ነው። ቀደም ሲል በሰጠነው ምሳሌ 12,000 ብር የሚያገኘው አባት ሲሶው 4,000 ብር ነው። የቁጠባ ማኅበር ብድር አስቀድሞ የሚቆረጥበት ከሆነ ግን ለልጁ የሚተርፈው ያንሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ አባቶች ቀለብ ሊፈረድ ሲል ብድር ማብዛት የሚቀናቸው።

ችግሩ የሚከፋው ከፋዩ በግሉ ሠርቶ የሚያድር ሲሆን ነው። ነጋዴው «ሥራ የለም» ይላል፤ ባለ መኪናው መኪናዋ የወንድሜ ናት ይላል። እንዲህ ሲሆን የንግድ ፈቃድ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ካርታ የመሳሰሉትን ማስረጃዎች ፍርድ ቤቱ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲያስቀርብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተረኛ ጎረቤት ምስክር መሆን የሚኖርበትም እዚህ ላይ ነው። «በሰው ትዳር አልገባም» ማለት በልጅ ጉዳይ አይሠራም። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ጥፋት በአቤቱታ አቅራቢነት በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ የሚያስቀጣ አድርጎታል። ሆኖም የታሰረ አባት ደመወዝ አያመጣምና ይህ የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ልጅ ተላላኪ አይደለም

የግሌን ጉዳይ በዚህ ዓምድ አንስቼ አላውቅም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በወር መጨረሻ ወደ አባቴ መሥሪያ ቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። እናቴና አባቴ መነጋገር ስላቆሙ በመካከላቸው የምመላለስ ፖስታ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ደብተሬን በላስቲክ ከረጢት እንደያዝኩ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ዘበኛው ያውቁኝ ስለነበር ከጥላው ሥር ያስቀምጡኛል። አባቴ ይወጣና የታጠፈ ገንዘብ በእጄ አስጨብጦኝ፣ ፀጉሬን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ጓደኞቹ ይመለከቱናል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

አንድ ወር ላይ አባቴ ሳይወጣ ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ዘበኛው መጡና፣ «ሂጂ የኔ ልጅ፣ ዛሬ በኋለኛው በር ወጥቷል» አሉኝ። ቤት ስደርስ ለእናቴ «ቢሮ አልነበረም» አልኳት። በኋለኛው በር መውጣቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ዛሬ እዚህ ታነበዋለች።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ወር ባዶ እጁን ስለነበር አፍሮ ይሆናል። እናቴም እኔን የላከችኝ «የራሱን ልጅ አይቶ ይራራል» ብላ ነው። ሁለቱም ያላዩት ነገር ቢኖር፣ የገዛ ራሷን እንጀራ ልትለምን የቆመችውን ልጅ ነው። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። ቀለብ በሒሳብ ክፍል በኩል ወይም በባንክ ሲተላለፍ፣ ልጅ አባቱን የሚያየው እንደ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ አባት ነው። የሕጉ ዓላማ ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። ልጁ የማንንም ፊት እያየ እንዳያድግ ማድረግም ነው።

ምን እናድርግ?

ጉዳያችሁን ወደ ፍርድ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት እነዚህን ነጥቦች አስቡባቸው።

አንደኛ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ ካለም እሱን አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ግዙና የሁለት ወይም የሦስት ወር የልጁን ወጪ በየቀኑ ጻፉበት። የትምህርት ቤት፣ የሕክምና፣ የትራንስፖርት ደረሰኝ አትጣሉ። «ኑሮ ተወዷል» ብሎ ከመናገር የተጻፈ ሒሳብ ማሳየት ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የፍች ክርክሩ ገና ያላለቀ ቢሆንም እስኪያልቅ አትጠብቁ። የፍች ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ መስጠት እንዳለበት ሕጉ ይናገራል።

አራተኛ፣ የተወሰነ ቀለብ ሲቋረጥ ዝም አትበሉ። ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሊቀር ይችላል። ይሉኝታ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን። ለእናት ማስረጃ ነው፤ ለአባትም «አልከፈለኝም» ከመባል ያድነዋል።

ስድስተኛ፣ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ መብታችሁን አትተዉ። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲመሠርት ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ እንዲሁም የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

በመጨረሻም ለአሠሪዎችና ለሒሳብ ክፍል ሠራተኞች የምለው አለ። የፍርድ ቤት የቀለብ ትእዛዝ ከፊታችሁ ሲቀመጥ በመሳቢያ ውስጥ አታሳድሩት። እናንተ «ለሚቀጥለው ወር» የምትሉት ነገር እቤት ውስጥ ላለ ልጅ ሠላሳ ቁርስ፣ ሠላሳ ምሳና ሠላሳ እራት ነው።

ወደ ቀትር ሲቃረብ የስፌት ሠራተኛዋ እናት ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲወጡ መዝገቡ ለማስረጃ መቀጠሩን ነገሩኝ። አላዘኑም። «ደብተሬን አሳየኋቸው» አሉኝ። ዱቄቱን፣ ሳሙናውን፣ መድኃኒቱን ሁሉ በልጃቸው የተማሪ ደብተር ጀርባ በእርሳስ ጽፈው ይዘው ነበር። ከዚያም የከሰዓቱ ፈረቃ እንዳያልፋቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በፍጥነት ወጡ።

ዕድል ካለ ይጨመርበት። ልጅን የሚያሳድገው ግን እንዲህ ያለው ደብተር ነው፤ እሱን የሚጽፍ እጅ፣ እሱን አይቶ የሚከፍል እጅ።